የሥርዓተ ክወና ማኑዋሎች፦ በበጎ ፈቃደኞች እንዴት ይጻፋሉ? ወቅታዊነታቸውስ እንዴት ይጠበቃል?

ዜጎች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በባንኮችና በቴሌኮም ማዕከላት የሚያገኟቸው በርካታ አገልግሎቶች በኮምፒዩተር የሚከናወኑ ናቸው። አገልግሎቱ በሚቋረጥበት ጊዜ በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» የሚል ምላሽ መስማት የተለመደ ነው። «ሲስተም» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ግን ብዙ ነገሮች ተጠቃልለዋል፦ የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ የኔትወርክ መስመሩ፣ የአገልግሎት ፕሮግራሙ፣ ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ የኮምፒዩተሩን አካላት የሚያስተዳድረው ሥርዓተ ክወና።

ፕሮግራሞችን የሚጽፉና ሰርቨሮችን የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ሥርዓተ ክወናው እንዴት እንደሚሠራ ሁሉንም በቃላቸው ይዘው አይሠሩም። ጥርጣሬ በገጠማቸው ቁጥር የማጣቀሻ ሰነድ ይከፍታሉ። ከእነዚህ ሰነዶች መካከል በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚነበቡት አብዛኞቹ የተጻፉትም ሆነ የሚታደሱት በበጎ ፈቃደኞች ነው። ይህ ጽሑፍ ሰነዶቹ ምን እንደሆኑ፣ በማን እንደሚዘጋጁ፣ ሳይታደሱ ቢቀሩ ምን ጉዳት እንደሚያስከትሉ፣ እንዲሁም ማንኛውም ተጠቃሚ እንዴት ሊገለገልባቸውና ሊያግዝ እንደሚችል ያብራራል።

የማጣቀሻ ሰነድ ምንድን ነው?

ስለ ኮምፒዩተር የሚጻፉ ሰነዶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ለጀማሪ የሚዘጋጅ የመማሪያ ጽሑፍ አንባቢውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረጃ በደረጃ ይመራዋል። የማጣቀሻ ሰነድ ግን እንደ መዝገበ ቃላት ነው፤ ተጠቃሚው የሚፈልገውን አንድ ጉዳይ ለይቶ ያወጣል፣ አንብቦም ወደ ሥራው ይመለሳል። በመሆኑም ከዚህ ዓይነቱ ሰነድ የሚጠበቁት ዋና ዋና ባሕርያት ሦስት ናቸው፦ የተሟላ መሆን፣ አጭር መሆን፣ ከሁሉም በላይ ትክክል መሆን።

እንደ ሊኑክስ ባሉ የዩኒክስ ቤተሰብ ሥርዓተ ክወናዎች ላይ እነዚህ ሰነዶች «የማኑዋል ገጾች» ይባላሉ። ገጾቹን ለማንበብ በኮምፒዩተሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ «ማን» የተባለውን ትእዛዝ ጽፎ፣ ቀጥሎ የሚፈለገውን ስም ማስገባት በቂ ነው። የትእዛዙ ስም በአማርኛ ሲነበብ መጠይቅ ቢመስልም «ማኑዋል» ከሚለው ቃል ያጠረ ነው።

ገጾቹ እንደየይዘታቸው በተቆጠሩ ክፍሎች ይመደባሉ። ክፍል 1 ተጠቃሚዎች የሚሰጧቸውን ትእዛዛት ይይዛል። ክፍል 2 ፕሮግራሞች ከሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ማለትም ከከርነሉ፣ አገልግሎት የሚጠይቁባቸውን የሥርዓት ጥሪዎች ይዘረዝራል። ክፍል 3 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች አስቀድመው የተዘጋጁ ተግባራትን፣ ክፍል 5 የፋይል አቀራረቦችን፣ ክፍል 8 ደግሞ የሥርዓት አስተዳዳሪ ትእዛዛትን ይገልጻሉ። ክፍል 4፣ 6 እና 7 እንደ ቅደም ተከተላቸው መሣሪያዎችን፣ ጨዋታዎችንና ልዩ ልዩ ጉዳዮችን የሚመለከቱ ናቸው።

የማኑዋሉ አጀማመር

የማኑዋል ገጾች ታሪክ ከዩኒክስ ሥርዓተ ክወና ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ በሚገኘው የቤል ላብራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ኬን ቶምፕሰን እና ዴኒስ ሪቺ የመጀመሪያውን የዩኒክስ ማኑዋል እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1971 አወጡ። እያንዳንዱ ገጽ ወጥ አቀራረብ ነበረው፦ ስም፣ የአጠቃቀም አጻጻፍ፣ መግለጫ፣ ተዛማጅ ፋይሎች፣ ተጨማሪ መመልከቻዎች።

በዚያ ማኑዋል ውስጥ ሁለት ርእሶች የተለየ ትኩረት ይገባቸዋል። አንደኛው «ጉድለቶች» የሚለው ነው። ጸሐፊዎቹ ፕሮግራማቸው የት ላይ እንደሚሳሳት በራሳቸው እጅ ጽፈው ለአንባቢው አሳውቀዋል። ሁለተኛው «ባለቤት» የሚለው ሲሆን፣ ለተገለጸው ፕሮግራም ኃላፊነት የሚወስደው ሰው አጭር ስም የሚሰፍርበት ነበር። አንባቢው ጥያቄ ቢኖረው ማንን ማነጋገር እንዳለበት ከገጹ ላይ ያገኛል ማለት ነው።

በቤል ላብራቶሪ የዳበረው ልማድ ሌላም ጥቅም ነበረው። አንድን ፕሮግራም በአጭሩና በግልጽ ለመጻፍ አስቸጋሪ ሆኖ ሲገኝ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ የቋንቋ ሳይሆን የፕሮግራሙ ሆኖ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ማብራሪያውን ከማርዘም ይልቅ ፕሮግራሙን አቃንተው እንደገና ይጽፉ ነበር። ሰነድ መጻፍ ከሥራው በኋላ የሚመጣ ማሟያ ሳይሆን ሥራውን የመመርመሪያ መንገድ ሆነ።

የሊኑክስ ማኑዋል ገጾች ፕሮጀክት

ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስ ከርነልን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከርነሉ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ስለ አሠራሩ የሚያስረዳ የማጣቀሻ ሰነድ ማስፈለጉ ግልጽ ሆነ። ሊኑክስ የዩኒክስን ምንጭ ኮድ ያልወሰደ አዲስ ሥራ በመሆኑ ማኑዋሉም የራሱ ሊሆን ይገባ ነበር። የሊኑክስ ማኑዋል ገጾች ፕሮጀክት የተጀመረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ፕሮጀክቱ በተለይ ከክፍል 2 እስከ 5 እና በክፍል 7 የሚገኙትን ገጾች የሚያዘጋጅ ሲሆን፣ የገጾቹ ብዛት ከአንድ ሺህ በላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን ያስተባበሩት ሪክ ፌይዝ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2004 ኃላፊነቱን የተሸከሙት ኔዘርላንዳዊው የሂሳብ ሊቅ አንድሪስ ብራውወር ናቸው። ከእርሳቸው የተረከቡት ማይክል ከሪስክ ከአሥራ አምስት ዓመታት በላይ ሠርተውበታል፤ ባካበቱት ዕውቀትም ስለ ሊኑክስ የፕሮግራም አጻጻፍ የሚያብራራ ሰፊ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሌሃንድሮ ኮሎማር ሥራውን መጋራት ጀመሩ፤ ቆይተውም ዋና ኃላፊ ሆኑ።

በእነዚህ ዓመታት እርማት፣ አዲስ ገጽ ወይም አንድ የጎደለ ዐረፍተ ነገር ልከው ያበረከቱ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። የቀረበውን ሁሉ አንብቦ፣ አጣርቶና አስማምቶ ወደ ገጾቹ የማስገባቱ ሸክም ግን በየዘመኑ በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ያረፈ ነበር።

በአንጻሩ በዚሁ ከርነል የሚገለገለው ሕዝብ ብዛት ከፍተኛ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ የሚሠራው ከርነል ሊኑክስ ነው። በዓለም ፈጣን ከሚባሉት 500 ሱፐር ኮምፒዩተሮች ሁሉም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮ በሊኑክስ የሚሠሩ ናቸው። አብዛኞቹ የኢንተርኔት ሰርቨሮችም እንዲሁ።

አንድ ገጽ ለምን ይጠቅማል? የመረጃ አጻጻፍ ምሳሌ

የማኑዋል ገጽ ዋጋ በምሳሌ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። አንድ የመዝገብ ሠራተኛ የባለጉዳይን መረጃ በኮምፒዩተር ላይ መዝግቦ «አስቀምጥ» የሚለውን ይጫናል። ፕሮግራሙም «ተመዝግቧል» የሚል ምላሽ ይሰጣል። ወዲያው መብራት ይጠፋል። መረጃው ተቀምጧል ወይስ ጠፍቷል?

መልሱ በክፍል 2 «ራይት» በተባለው የሥርዓት ጥሪ ገጽ ላይ ተጽፏል። ገጹ እንደሚያስረዳው፣ ጥሪው በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁ መረጃው ዲስክ ላይ ለመድረሱ ዋስትና አይሆንም። ሥርዓተ ክወናው ሥራን ለማፋጠን ሲል መረጃውን አስቀድሞ በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ይይዘዋል፤ ወደ ዲስክ የሚያወርደው ጥቂት ቆይቶ ነው። በዚህ መካከል ኃይል ቢቋረጥ በጊዜያዊው ማኅደር ያለው መረጃ ይጠፋል።

ገጹ መፍትሔውንም ይጠቁማል። መረጃው በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲያርፍ የሚፈልግ ፕሮግራም «ኤፍ-ሲንክ» የተባለውን ሌላ ጥሪ መጠቀም ይኖርበታል። የዚህኛው ጥሪ ገጽ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ ይዟል፦ የፋይሉ ይዘት ዲስክ ላይ ቢያርፍም የፋይሉ ስም የሚመዘገብበት ማውጫ ለብቻው ካልተረጋገጠ፣ ፋይሉ ኃይል ሲመለስ ላይገኝ ይችላል።

እነዚህ ማሳሰቢያዎች እያንዳንዳቸው ከሁለትና ከሦስት መስመር የማይበልጡ ናቸው። ፕሮግራም ጸሐፊው ካነበባቸውና ከሠራባቸው የባለጉዳዩ መዝገብ በመብራት መቆራረጥ ምክንያት አይጠፋም። ገጹ ባይጻፍ ወይም በስሕተት ቢጻፍ ግን ጉዳቱ የሚታየው ፕሮግራሙ በተጻፈበት ክፍል ሳይሆን ወራት ቆይቶ በአገልግሎት መስኮት ላይ ነው።

ሰነዱና አሠራሩ ሲለያዩ

እ.ኤ.አ. በ2018 የተከሰተ ጉዳይ የሰነድ ክፍተት ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል አሳይቷል። ፖስትግሬስኪውኤል በዓለም ላይ በስፋት ጥቅም ላይ ከዋሉ የመረጃ ቋት ሶፍትዌሮች አንዱ ሲሆን፣ እርሱም የበጎ ፈቃደኞችና የኩባንያዎች የጋራ ሥራ ነው። ይህ ሶፍትዌር ለብዙ ዓመታት የሚከተለው አሠራር በአንድ ግምት ላይ የተመሠረተ ነበር፦ «ኤፍ-ሲንክ» መረጃን ዲስክ ላይ ማድረስ አቅቶት ስሕተት ከመለሰ፣ ጥሪውን እንደገና መሞከር ይቻላል፤ ሁለተኛው ሙከራ ተሳካ ከተባለም መረጃው ተቀምጧል።

በሊኑክስ ላይ የነበረው እውነታ ግን ከዚህ የተለየ ሆኖ ተገኘ። ከርነሉ መረጃውን መጻፍ ሲያቅተው ስሕተቱን ካሳወቀ በኋላ ያንኑ መረጃ እንደተጻፈ አድርጎ ሊቆጥረው ይችል ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ጥሪ «ተሳክቷል» የሚል ምላሽ ይሰጣል፤ መረጃው ግን ዲስክ ላይ የለም። አሠራሩ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች በግልጽ የተብራራ ስላልነበረ፣ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እንኳ በተሳሳተ ግምት ለዓመታት ሠርተዋል።

ጉዳዩ ከታወቀ በኋላ ሁለት ነገሮች ተከናወኑ። ፖስትግሬስኪውኤል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ባወጣቸው ማሻሻያዎች አሠራሩን ቀየረ፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲገጥመው ደግሞ ከመሞከር ይልቅ ሥራውን አቁሞ ከራሱ የለውጥ መዝገብ ላይ ተነሥቶ መረጃውን መልሶ ያዘጋጃል። በማኑዋሉም በኩል፣ በአሁኑ የ«ኤፍ-ሲንክ» ገጽ ላይ የስሕተት አነጋገር ከሊኑክስ 4.13 ጀምሮ እንዴት እንደተለወጠ ተጽፎ ይገኛል።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የማጣቀሻ ሰነድ አንዴ ተጽፎ የሚያበቃ ሥራ አይደለም። የሚገልጸው ሶፍትዌር በየጊዜው ይለወጣል፤ ከለውጡ ጋር እኩል ያልተራመደ ገጽ ደግሞ ትናንት እውነት የነበረውን ዛሬም እውነት አስመስሎ ይናገራል። ሰነድ የሌለው ጉዳይ ባለሙያውን ያስጠነቅቀዋል፤ ጊዜ ያለፈበት ሰነድ ግን ያለ ሥጋት ወደ ስሕተት ይመራዋል።

አንድ እርማት የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

በሊኑክስ ማኑዋል ገጾች ፕሮጀክት አንድ እርማት ተቀባይነት የሚያገኘው በአመዛኙ የሚከተሉትን ደረጃዎች ካለፈ በኋላ ነው።

1. ማመልከት፦ ስሕተቱን ያገኘው ሰው የገጹን ስምና የክፍል ቁጥር ጠቅሶ በኢሜይል ያሳውቃል። የሚችል ከሆነ በገጹ ምንጭ ጽሑፍ ላይ የሚደረገውን ለውጥ ራሱ አዘጋጅቶ ይልካል።

2. ማረጋገጥ፦ አስተያየቱ ከከርነሉ ወይም ከሚመለከተው የተግባራት ስብስብ ምንጭ ኮድ ጋር ይመሳከራል። አስፈላጊ ሲሆን አጭር የሙከራ ፕሮግራም ተጽፎ አሠራሩ በተግባር ይታያል።

3. መወያየት፦ ጉዳዩን የሚያውቁ የከርነል ባለሙያዎችና ሌሎች አንባቢዎች በአደባባይ አስተያየት ይሰጣሉ። በቃላት ምርጫ ላይ ጭምር ውይይት ይደረጋል፤ «ይሆናል» እና «ሊሆን ይችላል» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት በማጣቀሻ ሰነድ ላይ ቀላል አይደለምና።

4. ማጽደቅና ማሰራጨት፦ ኃላፊው እርማቱን ተቀብሎ ወደ ጋራ ማኅደሩ ያስገባዋል። እርማቱ ማን እንዳቀረበው፣ መቼና ለምን እንደተደረገ ተመዝግቦ ይቀመጣል። በቀጣዩ የፕሮጀክቱ እትም ታትሞ፣ የሊኑክስ ሥርጭቶችን በሚያዘጋጁ አካላት በኩል ወደ ተጠቃሚዎች ኮምፒዩተር ይደርሳል።

ከደረጃዎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሁለተኛው ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ዐረፍተ ነገሩ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ግን ቀናት ሊያስፈልጉ ይችላሉ። በዚህ ምርመራ ወቅት ስሕተቱ ከሰነዱ ሳይሆን ከከርነሉ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የሰነድ ጸሐፊው ለከርነል ባለሙያዎች ጉድለት አመልካች ይሆናል።

የሌሎች ማኅበረሰቦች ተሞክሮ

የሰነድን ጥራት ለመጠበቅ የተለያዩ የበጎ ፈቃደኛ ማኅበረሰቦች የየራሳቸውን ሥርዓት ዘርግተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን በመመሪያው ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የማኑዋል ገጽ ሊኖረው እንደሚገባ ደንግጓል። የገጽ አለመኖር እንደ ጉድለት ተቆጥሮ ሊመዘገብ ይችላል። የፕሮግራሙ ዋና ጸሐፊ ገጽ ሳያዘጋጅ ሲቀር፣ የዴቢያን በጎ ፈቃደኞች ራሳቸው የሚጽፉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሥርዓተ ክወና አዘጋጆች በሰነድ ላይ የሚገኝ ስሕተትን እንደ ከባድ ጉድለት ይመለከቱታል፤ የፕሮግራሙ አሠራር ሲለወጥም ገጹ አብሮ እንዲለወጥ ይጠብቃሉ። ፍሪቢኤስዲ ደግሞ ራሱን የቻለ የሰነድ ፕሮጀክት ያለው ሲሆን፣ ሰነድ ለሚያዘጋጁ አባላት ከኮድ ጸሐፊዎች የተለየ የማሻሻያ ፈቃድ ይሰጣል። በዚህም ኮድ የማይጽፍ ነገር ግን በጥሩ ሁኔታ የሚያስረዳ ሰው በማኅበረሰቡ ውስጥ የታወቀ ቦታ ያገኛል።

በአንጻሩ ኃላፊ ያጣ ሥራ ምን እንደሚሆን የሊኑክስ የሰነድ ፕሮጀክት ተሞክሮ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ይህ ፕሮጀክት «እንዴት» በሚል ስም የሚታወቁ በርካታ መመሪያዎችን አቅርቦ ለብዙዎች የመጀመሪያ አስተማሪ ሆኗል። እያንዳንዱን መመሪያ የጻፈው በጎ ፈቃደኛ ወደ ሌላ ሥራ ሲዞር ግን ብዙዎቹ የሚያድሳቸው አጥተው አረጁ። ጽሑፎቹ ዛሬም ይነበባሉ፤ ነገር ግን አንባቢው ከመጠቀሙ በፊት የተጻፉበትን ዘመን ማጣራት ይኖርበታል።

የሕግ ጉዳይም አለ። በጎ ፈቃደኞች የሌላውን ሰው ሥራ ማደስ የሚችሉት ፈቃዱ ሲኖራቸው ነው። በዚህ ምክንያት ነጻ ሶፍትዌርን የሚያራምዱ ወገኖች ለሶፍትዌሩ ብቻ ሳይሆን ለማኑዋሉም ነጻ ፈቃድ እንዲኖር ሠርተዋል። የግኑ ነጻ የሰነድ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 የወጣው ለዚሁ ዓላማ ነው። ለሶፍትዌር ማኑዋሎች ታስቦ የተዘጋጀው ይህ ፈቃድ፣ የአማርኛውን ጨምሮ የውክፔዲያ መድበለ ዕውቀቶች እስከ 2009 ድረስ የተመሩበት ዋና ፈቃድ ሆኖ አገልግሏል።

ሥራው የቆመበት ጊዜ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የሊኑክስ ማኑዋል ገጾች ፕሮጀክት ዋና ኃላፊ ሥራውን ለማቋረጥ መገደዳቸውን በይፋ አስታወቁ። ምክንያታቸው አጭር ነበር፦ ከ2020 ጀምሮ በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ ክፍያ ሲያከናውኑት የቆዩትን ሥራ ያለ ገንዘብ ድጋፍ መቀጠል አልቻሉም።

ማስታወቂያው በወጣበት ቀን የተበላሸ ኮምፒዩተር አልነበረም። ገጾቹም ከቦታቸው አልጠፉም። ነገር ግን ከርነሉ በየጥቂት ሳምንታት በአዲስ እትም መውጣቱን ይቀጥላል፤ እርማት የሚልኩ ሰዎችም መላካቸውን አያቆሙም። የሚቀበልና የሚያጣራ ሰው ሳይኖር በሚያልፈው በእያንዳንዱ ወር በሰነዱና በአሠራሩ መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። ጉዳዩ በገጾቹ የሚገለገሉ ኩባንያዎችን ትኩረት ስቦ፣ ባደረጉት የገንዘብ ድጋፍ ሥራው እንዲቀጥል ተደርጓል።

ክስተቱ የበጎ ፈቃድ ሥራን ዋጋ አያሳንስም። ገጾቹ ለዓመታት የቆሙት በዚሁ ፈቃድ ነውና። ይልቁንም የጋራ ንብረትን መጠበቅ የአንድ ሰው የብቻ ኃላፊነት ሆኖ ሲቆይ፣ የዚያ ሰው ጊዜና አቅም ሲያልቅ ንብረቱም አብሮ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ አስታውሷል።

ትርጉምና የአማርኛ ድርሻ

የማኑዋል ገጾች በዋናነት የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የጃፓን፣ የጀርመን፣ የፈረንሳይና የፖላንድ በጎ ፈቃደኞችን የመሳሰሉ ቡድኖች ገጾቹን ወደ ቋንቋዎቻቸው ሲተረጉሙ ቆይተዋል። ትርጉም ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ለእርጅና የተጋለጠ ነው፤ እንግሊዝኛው ሲታደስ ትርጉሙ ወደ ኋላ ይቀራልና። ለዚህ መፍትሔ የሚሆኑ የትርጉም መሣሪያዎች ጽሑፉን በአንቀጽ በአንቀጽ ከፋፍለው ይይዛሉ። ዋናው አንቀጽ በተለወጠ ጊዜም ትርጉሙ እንደገና መታየት እንዳለበት ለተርጓሚው ያመለክታሉ።

አማርኛ በዚህ ዓለም ውስጥ ድርሻ የሌለው ቋንቋ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካትቷል። በሊኑክስ ላይ የኢትዮጵያን አማርኛ የሚመለከቱ የቀንና የቁጥር አጻጻፍ ቅንብሮች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 የወጣው ዴቢያን 5.0 ደግሞ የመጫኛ ፕሮግራሙን በአማርኛ አቅርቧል። እነዚህ ሥራዎችም በአብዛኛው የበጎ ፈቃደኞች ጥረት ውጤቶች ናቸው፤ እንደ ማንኛውም ሰነድ ሁሉ የሚያድሳቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ተጠቃሚዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የማኑዋል ገጾችን የሚጠቀሙ ተማሪዎች፣ ባለሙያዎችና ሌሎች ዜጎች የሚከተሉትን ቢያስተውሉ ይጠቀማሉ።

ሀ. በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ገጽ ማስቀደም፦ ከሥርዓተ ክወናው ጋር አብሮ የተጫነው ገጽ በአመዛኙ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ካለው ሶፍትዌር እትም ጋር የተስማማ ነው። በኢንተርኔት ላይ የሚገኝ ቅጂ የሌላ እትም ሊሆን ይችላል። በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ገጽ ለማንበብ የኢንተርኔት ግንኙነት አያስፈልግም።

ለ. ቀኑንና እትሙን መመልከት፦ በገጹ ግርጌ የመጨረሻው ለውጥ ቀንና የእትም ቁጥር ይገኛሉ። ገጹ ስንት ዓመት እንዳስቆጠረ ከዚያ ማወቅ ይቻላል።

ሐ. የክፍል ቁጥሩን መለየት፦ አንድ ስም በሁለት ክፍሎች ሊገኝ ይችላል። ለምሳሌ «ራይት» በክፍል 1 ለተጠቃሚዎች መልእክት መላኪያ ትእዛዝ ሲሆን፣ በክፍል 2 ግን ከላይ የተብራራው የሥርዓት ጥሪ ነው።

መ. እስከ መጨረሻው ማንበብ፦ «ማሳሰቢያዎች» እና «ጉድለቶች» የሚሉት ርእሶች ብዙ ጊዜ በገጹ መጨረሻ አካባቢ ይገኛሉ። አንባቢን ከጉዳት የሚጠብቁት መስመሮች በአብዛኛው እዚያ ናቸው።

ሠ. ስሕተት ሲገኝ ማሳወቅ፦ ጥሩ ማመልከቻ የገጹን ስም፣ የክፍል ቁጥሩንና እትሙን፣ ስሕተት ነው የተባለውን ዐረፍተ ነገር፣ ስሕተት መሆኑ የተረጋገጠበትን መንገድ፣ ከተቻለም በምትኩ ሊጻፍ የሚገባውን ይይዛል። ለዚህ ከፍተኛ የፕሮግራም ጽሑፍ ችሎታ አስፈላጊ አይደለም። ያልገባውን ዐረፍተ ነገር «አልገባኝም፤ ምክንያቱም…» ብሎ የሚያስረዳ አንባቢም ለሰነዱ ጠቃሚ አስተዋጽኦ አድርጓል።

በመጀመሪያው የዩኒክስ ማኑዋል ላይ በእያንዳንዱ ገጽ የነበረው «ባለቤት» የሚለው ርእስ ዛሬ በገጾቹ ላይ የለም። ገጾቹ የጋራ ሆነዋልና የአንድ ሰው አጭር ስም አይበቃቸውም። ይሁን እንጂ ርእሱ የጠየቀው ጥያቄ አሁንም መልስ ይፈልጋል፦ ይህ ገጽ ነገም እውነት ሆኖ እንዲቆይ የሚያየው ማን ነው? ለሃምሳ ዓመታት ያህል መልስ የሰጡት፣ ያዩትን ስሕተት ሳያልፉ አንድ መስመር ጽፈው የላኩ አንባቢዎችና የላኩትን አጣርተው የተቀበሉ ጥቂት ኃላፊዎች ናቸው። ሰነዶቹ ለሚቀጥለው ትውልድ ባለሙያዎች ታማኝ ሆነው የሚደርሱትም ይህ ልማድ እስከቀጠለ ድረስ ነው።